አራት ሴንቲ

የልጄ ባል መዶሻ ባነሳ ቁጥር እኔ መነጽሬን እፈልጋለሁ። ክፋት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ኳስ ማየት ይወዳል፣ እኔ ደግሞ እሱን ማየት እወዳለሁ።

ኢንጂነሩ ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። ሥራው መዝገብ ቤት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ አንዲት ቁጥር አዛብቶ ስለማያውቅ መሥሪያ ቤቱ የምስክር ወረቀት ሰጥቶታል። ወረቀቱ በመስታወት ገብቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሰቀለው ራሱ ስለሆነ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ አንገቱን ዘመም አድርጎ ነው የሚያነበው።

መዶሻ ማንሳት የጀመረው አምና ነው። ስልኩ ላይ በቪዲዮ የእንጨት ሥራ የሚያስተምር አንድ ጺማም ሰውዬ አገኘ። ጺማሙ ሁልጊዜ የሚጀምረው “ይሄ ሥራ ለጀማሪዎች ነው፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው” ብሎ ነው። ከዚያ ሁለት ጣውላ ያጋጥማል፣ አራት ብሎን ያጠብቃል፣ የሠራው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል። ኢንጂነሩ አመነው። መጀመሪያ የሠራልን የማድ ቤት መደርደሪያ ነበር። ግማሽ ሰዓት የተባለው ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። ዛሬም ድረስ ክብ ነገር አይቀመጥበትም፤ ሽንኩርት ካስቀመጥንበት ወለል ለወለል ስናሳድድ ነው የምንውለው። ቀጥሎ የዕቃ ቤቱን መስኮት ቀለም ቀባ። ዘግቶ ስለቀባው እስካሁን አልተከፈተም። ልጄ “ጥሩ ነው፣ ሌባም አይከፍተውም” ብላ አለፈችው። እሷ ነርስ ናት። ከባሰ ነገር ጋር ስለምትውል በመስኮት አትናደድም።

እኔ አርባ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ስለዚህ ልክ የሚባለው ነገር ሲጓደል ዓይኔን ያሳክከኛል። ሰው ገና በበር ሲገባ ወገቡን በዓይኔ ለክቼ ጨርሻለሁ፤ ሜትር የማወጣው ደንበኛው እንዳይፈራ ብዬ ነው። ተሳስቻለሁ ብዬም አላውቅም፣ ስላልተሳሳትኩ። ይህን ስናገር ልጄ ጣራ ጣራውን ታያለች።

የኔ ልብስ የሚታወቀው በትርፉ ነው። ሌላው ልብስ ሰፊ ጨርቅ ለመቆጠብ ስፌቱን ጠርዝ ላይ ይነዳዋል። እኔ በያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ሴንቲ ትርፍ እተዋለሁ። ሰው ይወፍራል፣ ሴት ታረግዛለች፣ የከሳው ይመለስለታል፤ ልብሱ አብሮ መሄድ አለበት። ኢንጂነሩ ራሱ የሠርጉን ሱሪ እስከ ዛሬ የሚለብሰው በኔ ትርፍ ነው። ሦስት ጊዜ ፈትቼ አስፍቼለታለሁ። በሦስተኛው “እማማ፣ አሁንም ትርፍ አለው?” ቢለኝ፣ “አለው፣ አንተ ግን እሱን ተማምነህ አትብላ” አልኩት።

እንግዲህ የጓሮው ነገር። የኋላው በር ሲከፈት ሦስት ደረጃ ወደ ጓሮ ይወርዳል። በአንድ በኩል የቤቱ ግድግዳ፣ በሌላው በኩል የዕቃ ቤቱ ግድግዳ አለ፤ ደረጃው መሃል ገብቷል። ያሠራው ከኛ በፊት የነበረው ባለቤት ነው። እግሩ እጅግ ረጅም የነበረ ሰው መሆን አለበት፣ እያንዳንዱ ደረጃ ጉልበቴን ሊነካ ምንም አይቀረው። ታች የሎሚ ዛፍ አለ። ሥራዬ እዚያ ሥር ነበር። ጠዋት ጠዋት ወንበሬንና የእጅ ስፌቴን ይዤ ወርጄ፣ ፀሐይ ሲበረታ እመለስ ነበር።

በዝናቡ ጊዜ ሁለተኛው ደረጃ ላይ አዳለጠኝና ወደቅኩ። አጥንት አልተሰበረም። ጉልበቴ ግን ከዚያ ወዲህ አኩርፎኛል። ልጄ ብቻሽን እንዳትወርጂ አለችኝ። ስለዚህ መለመን ጀመርኩ። “እስቲ ያዙኝ ልውረድ” እላለሁ። “ቆይ እማዬ፣ ይሄን ልጨርስ” ይሉኛል። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሥራ አላቸው። ግን ቆይ የሚባለውን ቃል በቀን አራት ጊዜ የሰማ ሰው ቤቱ ቤቱ መሆኑ ይጠፋዋል። አንድ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ሎሚዎቹን በዓይኔ ስቆጥር ቆየሁና፣ ሌላ ከተማ ለሚኖረው ለወንዱ ልጄ ደወልኩ። “ና ውሰደኝ” አልኩት።

“ከልብሽ ነው እማዬ?” አለኝ።

“ከልቤ ነው” አልኩ።

ከልቤ አልነበረም። እዚህ መቅረት ነበር የምፈልገው። ግን ያዙኝ፣ ልቀቁኝ እያሉ ከመኖር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊፍት እየጠበቁ መኖር ይሻላል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ማታ ራት ላይ ተናገርኩ። “የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ወንድምሽ ሊወስደኝ ይመጣል።”

ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። “ምን በደልንሽ?”

“ማንም አልበደለኝም። ሊፍት አለው።”

“ጓሮ የለውም እኮ።”

“እዚህስ ጓሮው ለኔ መቼ አለ?” አልኩ። ከተናገርኩ በኋላ ባልተናገርኩ ብያለሁ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ኢንጂነሩ ያኝካል። ሲጨርስ “የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ማለት ነው?” አለ።

“ቁጥር ያንተ ነው፣ አንተ ቁጠር” አልኩት።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ብብቱ ሥር አዲስ ቡናማ ፋይል ይዟል። ጀርባው ላይ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ “የእማማ ደረጃ” ብሎ ጽፎበታል። መዝገብ ቁጥርም ሰጥቶታል። አጠገቤ ተቀመጠና የሳለውን ሥዕል ዘረጋልኝ።

“እማማ፣ የደረጃው ችግር ቁመቱ ነው። እኔ ሦስት ጠንካራ የጣውላ ሳጥን እሠራለሁ፣ ቁመታቸው የደረጃው ግማሽ። በየደረጃው ፊት አንዳንድ ሳጥን እናስቀምጣለን። ሦስቱ ትልልቅ ደረጃ ስድስት ትንንሽ ደረጃ ሆነ ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ በብረት ቧንቧ የእጅ መደገፊያ። ብቻዎን ይወርዳሉ፣ ብቻዎን ይወጣሉ።”

“ይሄን ጺማሙ ነው ያለህ?”

“ለጀማሪዎች ነው” አለኝ፣ ሳያፍር።

“ግማሽ ሰዓት?”

“አርባ ደቂቃ።”

“እንግዲያው ለቅዳሜ ሳምንት አይደርስም” አልኩት። ሳቀ። የሱ ነገር እንዲህ ነው፣ ሲነኩት ይስቃል። እኔም ደጋግሜ የምነካው ለዚያ ነው መሰለኝ።

ልኬቱ የተወሰደው ቅዳሜ ነው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ያለውን ስፋት ማወቅ ነበረብን፤ ሳጥኖቹ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ሳይገፉ፣ ወዲያና ወዲህም ሳይሉ እንዲገቡ። ኢንጂነሩ ያቺን ብረት ሜትሩን አወጣ። ሜትሯ ከእጁ አምልጣ ሽው ብላ ስትጠቀለል ጣቱን ቀጠቀጠችው። ዘጠና አምስት አለ። ደገመው፣ ዘጠና ሁለት ሆነ። ሠለሰው፣ ዘጠና ስድስት።

“ግድግዳው እየሄደ ነው እንዴ?” አልኩት።

“ሜትሯ መሃል ላይ እየጎበጠችብኝ ነው።”

“እስቲ ወዲያ በል። እንጨቱ ያንተ፣ ልኩ የኔ።”

ያቺን ጨርቅ ሜትሬን ከአንገቴ አወረድኩ። ጡረታ ብወጣም ከአንገቴ አልወጣችም። በሩ ላይ ቆሜ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጠርኳት፣ በአውራ ጣቴ ያዝኳት፣ አንዴ ብቻ አየሁ። ሁለተኛ ማየት የጀማሪ ነው። ከቀን መቁጠሪያ ላይ ቅጠል ቀድጄ ጀርባው ላይ ቁጥሩን ጻፍኩለት። “ሦስቱም በዚህ ይቆረጥ” አልኩት።

ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። “እርግጠኛ ነዎት እማማ?”

“አርባ ሁለት ዓመት” አልኩት።

“እንዳልጠየቅኩ ይቁጠሩት” አለና ወረቀቱን በጥንቃቄ ሁለት ላይ አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት በማድ ቤቱ መስኮት በኩል ነው ያሳለፍኩት። እንጨት ቤት ሄዶ ጣውላውን አስቆርጦ መጣ። ከሥራ እንደተመለሰ ሸሚዙን ይቀይርና ሎሚው ሥር ይንበረከካል። ስልኩን ባልዲ ላይ አስደግፎ፣ ጺማሙን አንድ ቃል ያናግረዋል፣ ያቆመዋል፣ መልሶ ያናግረዋል። ብሎን ሲያጠብቅ ምላሱን ያወጣል። ውሃ ልክ የምትባለውን ዕቃ ገዝቶ ነበር፤ በመሃሏ አረፋ ያለባት፣ አግድም ቀጥ ማለትን የምታሳይ ነገር። በሷ ደስታ ሰከረ። ጠረጴዛውን ለካ፣ አልጋውን ለካ፣ ሳሎን ገብቶ የምስክር ወረቀቱን ሲለካ ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠና ውሃ ልኳን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

ለመደገፊያው ቧንቧ ደግሞ እኔን ግድግዳው ጋ አቆመኝ። “እጅዎን ሳይከብድዎት ያሳርፉት” አለኝ። ባሳረፍኩበት ቦታ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ምልክቱን ካደረገ በኋላ እጄን አልለቀቀም ነበር፣ ትንሽ ቆየ። እኔም “ጨረስክ ወይስ እሱንም ልትበሳው ነው?” አልኩት።

ረቡዕ ከሰዓት ፈቃድ ወስዶ ሦስቱን ሳጥን ጨረሰ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ሳጥን ነበር። የላይኛውን ተሸክሞ ከጓሮ ወደ በሩ ወጣ። አልገባ አለው። ወደ ግራ አዘነበለው፣ አልገባም። በአንድ በኩል ዝቅ አድርጎ ገፋው፣ ገፋው፣ ከዚያ መዶሻ አምጥቶ መታው። በስተመጨረሻ ገባ፤ ግን በሰያፍ ነው የገባው። በሁለቱ ግድግዳ መካከል ተቀርቅሮ፣ ወደፊትም ወደኋላም የማይል ሆነ። በራችን ደግሞ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።

መስኮቱን ከፈትኩ። “ኢንጂነር።”

“አቤት እማማ።”

“እስቲ ዞረህ በፊት በር ግባ።”

“በየት በኩል ልዙር? ጓሮው በአራቱም በኩል ግንብ ነው።”

“ውሃ ላቀብልህ? የመስኮቱ ብረት መሃል ብርጭቆ ያሳልፋል።”

ውሃውን አቀበልኩት፤ ጠጣና አመሰገነኝ። ከዚያ ብረት ሜትሩን አወጣ። ሳጥኑን ለካ። ታች ወርዶ በሁለቱ ግድግዳ መካከል ለካ፤ በዚህ ጊዜ መሬት ላይ አንጥፎ፣ እንዳትጎብጥ በጉልበቱ ይዞ። ደግሞ ለካ። ኪሱ ውስጥ ያለችውን የቀን መቁጠሪያ ቅጠል አወጣና ረጅም ጊዜ አያት። እኔ መስኮቱ ላይ ክንዴን አስደግፌ፣ አሁን ገና ስህተቱ ተገለጠለት እያልኩ እዝናናለሁ።

ልጄ ከሥራ ስትመለስ እሷ ከውስጥ በሩን በትከሻዋ እየገፋች፣ እሱ ከውጭ በመዶሻ እያነቃነቀ አስለቀቁት። “ምን ሆኖ ነው?” አለችው፣ ትንፋሿ ቆረጥ ቆረጥ እያለ።

ቅጠሏን አጥፎ ኪሱ መለሳት። “የኔ ስህተት ነው” አለ። “ዘጠና አራቱን ዘጠና ስምንት ብዬ አንብቤ ነው እንጨት ቤት ያስቆረጥኩት። አራት ሴንቲ ተርፏል።”

የተሰማኝ ደስታ አይነገርም። ሃያ ሁለት ዓመት ቁጥር ያላዛባ ሰው፣ በኔ ጓሮ፣ በኔ ቁጥር። “መዝገብ ቤቱን አንድዬ ይጠብቀው” አልኩ። “ስንት ሰው ይሆን በሌላ ሰው ፋይል ጡረታ የወጣው? ያንን የምስክር ወረቀት አውርደው፣ ግድግዳው ራሱ አፍሮ ነው የዘመመው።”

ሳቀ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሳሎን ስገባ ግን ግድግዳው ላይ ምስማሩ ብቻ ነው ያለው። ወረቀቱን አውርዶ ሶፋው ኋላ አስደግፎታል። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ቀልድ ነበር እኮ። ቢሆንም ከመቀለድ አልተመለስኩም። ሐሙስ ሦስቱንም ሳጥን ፈታ። አርብ ፈቃድ ወስዶ ከማለዳ ጀምሮ አሥራ አምስቱን ጣውላ አንድ በአንድ፣ በእጅ መጋዝ፣ አራት አራት ሴንቲ ቆረጠ። እኔ በመስኮቱ በኩል “ጺማሙ ይሄን ስንት ደቂቃ ነው የሚለው?” እለዋለሁ። እሱ ላቡን በክንዱ ይጠርጋል። “ይሄኛውን አላሳየንም” ይለኛል።

አርብ ከሰዓት ሻንጣዬን ማሰናዳት ያዝኩ። ሁሉን ከተትኩ፣ ሜትሬ የለችም። እሷን ሳልይዝ የትም አልሄድም። የመጋዙን መንገድ ሊያረጋግጥባት ጠዋት እንደተዋሳት ትዝ አለኝ። እሱ ጓሮ ሆኖ ቀለም ይቀባል። ጠረጴዛው ላይ “የእማማ ደረጃ” የሚለው ፋይል አለ፤ ሜትሬ ከጎኑ ሾልካ ትታያለች። ሳብኳት። አብራት ያቺ የቀን መቁጠሪያ ቅጠል ወጥታ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ጎንበስ ማለት ለኔ ቀላል አይደለም፣ ግን አነሳኋት። የኔ ጽሕፈት ነው። ዘጠና ስምንት ይላል። አራት አይደለም፣ አራት የመሰለ ስምንትም አይደለም። ሁለት ክብ የተደራረበበት፣ አርባ ሁለት ዓመት የጻፍኩት የራሴ ስምንት ነው።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ሄደ፣ እሺ ብያለሁ። ዓይኔ በመነጽር ነው፣ እሱም እሺ። ልክ መለካት ከጠፋብኝ ግን እኔ ማን ነኝ? አሁን በእውነት መሄድ አለብኝ አልኩ፤ ይባስ ብሎ ነገ ደግሞ ስንቱን ልሳሳት ነው። በዚያ ፍርሃት ውስጥ ሆኜ ነው ከቁጥሩ በታች በእርሳስ የተጻፈውን ያየሁት። እሱ መቼም ሳይመዘግብ አያድርም፣ ምስጢሩን እንኳ ፋይል ያደርጋል። እንዲህ ይላል፦

“ትክክለኛው 94። ግራ 2፣ ቀኝ 2፣ የስፌት ትርፍ። ለሌላ ጊዜ፦ እማማ ሲለኩ አራት መቀነስ።”

ደጋግሜ አነበብኩት። ልኩን አልሳትኩም ነበር። ሜትሬ ዘጠና አራት ብላኛለች፣ እጄ ነው ለምዶበት፣ ለግድግዳ ልብስ የሚሰፋለት ይመስል ግራና ቀኝ ትርፍ የጨመረበት። ጣውላ እንደማይወፍር ማን ይንገረው? እሱ ደግሞ ያንን ጓሮ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ውሃ በብረት መሃል እየተቀበለ አወቀው። አንድ ቃል ቢናገር ዝም እል ነበር። አልተናገረም። ቢናገር ሻንጣዬን ዘግቼ ከነጭራሹ እንደምሄድ አውቆታል። የምስክር ወረቀቱን አውርዶ አሥራ አምስት ጣውላ ቆረጠ፤ እኔ በመስኮት ስስቅበት።

አፈርኩ። ልሸፋፍነው አልችልም፣ አፈርኩ። ግን ከሁሉ በላይ የያዘኝ “ለሌላ ጊዜ” የሚለው ነበር። እኔ ነገ የምሄድ ሰው ነኝ። እሱ መዝገቡ ላይ ሌላ ጊዜ እንድለካለት ቦታ ትቶልኛል።

ወረቀቷን እንደነበረች መለስኩ። ሜትሬን ግን አንገቴ ላይ አደረግኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ወንዱ ልጄ መኪናውን ፊት ለፊት አቁሞ ገባ። እናትና ልጅ ተሳሳምን። “እማዬ፣ ተዘጋጀሽ?” ብሎ ሻንጣዬን አነሳ።

“ቆይ፣ አንድ ነገር ልጨርስ” አልኩት። ቆይ ማለት ለሚለው ሰው እንዴት እንደሚጣፍጥ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ወደ ኋላው በር ሄድኩ። ሁሉም ተከተሉኝ። በሩን ስከፍተው ሦስቱ ሳጥን በየቦታቸው ገብተዋል፣ ግራጫ ተቀብተዋል፤ ቧንቧው ግድግዳው ላይ ነው። ቀለሙ ይድረቅ ተብሎ እስካሁን ማንም አልረገጠውም። ልጄ እጇን ዘረጋችልኝ።

“እጅሽን ሰብስቢ” አልኳት። ቧንቧውን ያዝኩ፤ እጄ ባረፈበት ቦታ ላይ ነው ያለው። ከመውረዴ በፊት ግን ዞር አልኩ። “አንድ ነገር ስሙኝ። አራቱ ሴንቲ የኔ ነው።”

“የቱ አራት ሴንቲ?” አለች ልጄ።

“ሳጥኑን ያስቀረቀረው። ባልሽ ቁጥር አላዛባም። ዘጠና ስምንት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ጣውላ ላይ የስፌት ትርፍ ጨምሬ። ተሳስቻለሁ።”

ልጄ ግንባሬን ልትነካ እጇን አነሳች፣ ትኩሳት ይኖራት ይሆን ብላ። ወንዱ ልጄ ሻንጣውን እንደያዘ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያል። ኢንጂነሩ የጫማውን ጫፍ እያየ ነው።

“እማማ፣ ፋይሌን ከፈቱ?” አለኝ።

“ሜትሬን ፍለጋ።”

“ፋይል እኮ ሳይፈርሙ አይወጣም።”

“እፈርማለሁ” አልኩት። “እኔንም እንደ ፋይል ወደ ቦታዬ ስትመልሰኝ እፈርማለሁ።” ወደ ወንዱ ልጄ ዞርኩ። “ሻንጣውን ክፍሌ መልሰው። ስትጨርስ ደግሞ ሶፋው ኋላ የምስክር ወረቀት አለ፣ ስቀለው። እሱ እንዳይነካው፤ አንተ ስቀለው።”

“አትሄጂም ማለት ነው?”

“የምለካው ሥራ አለኝ” አልኩ።

ከዚያ ወረድኩ። አንድ አልኩ፣ ሁለት አልኩ፣ ጉልበቴ አጉረመረመ እንጂ አልከለከለኝም። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ማንም አልያዘኝም። ኋላዬ የሦስት ሰው ትንፋሽ ይሰማኛል፣ አንዳቸውም ቆይ አላሉኝም። የመጨረሻው ሳጥን ላይ ስቆም ግን ከሥሬ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ አለ። ቧንቧውን ጠበቅ አደረግኩ።

“አንተ” አልኩ፣ ሳልዞር።

“አቤት እማማ።”

“አራቱ ሴንቲ የኔ ነው ብያለሁ። ይሄ መወዛወዝ ግን ያንተ ነው።”

ወርዶ ተንበረከከና ሳጥኑን በእጁ ነቅነቅ አድርጎ አየው። ሎሚው ሥር ወንበሬ ወጥቶ፣ አቧራው ተጠርጎ ተቀምጧል። ማን እንዳወጣው አልጠየቅኩም።

“እውነትዎን ነው” አለኝ። “እሱን ለሌላ ጊዜ እንለካዋለን።”